ለየኔታ የሕይወት ታሪክ የሚቆም ምንጭ የትኛው ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በጎንደር ከተማ ረጅም ዘመን አቋቋም (ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ያስተማሩና ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረፉ አንድ መሪጌታ አሉ። ደቀ መዝሙራቸው የመምህራቸውን ሕይወት መጀመሪያ በአማርኛው ውክፔዲያ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛው ጻፉ። በአማርኛው ላይ ምንጭ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተለጠፈበት፤ የእንግሊዝኛው ተሰረዘ። በእጃቸው ያለው ለሙት ዓመት የታተመ ባለ 48 ገጽ መጽሔት፣ በአንድ ጋዜጣ የወጣ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ፣ የ40 ደቂቃ የዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ፣ የሦስት ፌስቡክ ገጾች ጽሑፍ፣ መምህሩ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ የተሰጣቸው የማስመስከሪያ ወረቀት ፎቶግራፍና መምህሩን የሚጠቅስ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። «ይህ ሁሉ እያለኝ ለምን አልበቃም? ምንስ ልጨምር?» ይላሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይረዱልኝ። ጽሑፉ የተሰረዘው መምህርዎ ሊቅ አይደሉም ተብሎ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ምስክር የሚባለው የቅርብ ሰው ነው፤ ደቀ መዝሙሩ መምህሩ ፊት ቆሞ ይዘልቃል፣ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ፣ በዓይኑ አይቶ «ይህ ልጅ ዘልቋል» ይላል። ከዜማ ትምህርቶች ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ ተመሰከረ ሲባል የምስክሩ ክብደት ያለው በቅርበቱ ላይ ነው። እንደ ውክፔዲያ ያለ መዝገበ ዕውቀት የሚፈልገው ምስክር ግን በሩቅ የቆመ ነው፦ ከመምህሩ ያልተማረ፣ ከደብሩ ደመወዝ የማይቀበል፣ ከቤተሰቡ ያልተወለደ፣ ስለ እሳቸው የጻፈውም ጉዳዩ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘው ብቻ የሆነ ሰው። እርስዎ ያሰባሰቧቸው ምንጮች አብዛኞቹ በቅርብ የቆሙ ናቸው። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ምንጮቹን መቁጠር ሳይሆን የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው እንደ ተቀዳ ማወቅ ነው። በሥርዓተ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያስቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሁለት ሦስት ደቀ መዛሙርት ተቀምጠው፣ ከቤተሰብ ጠይቀው የሚያዘጋጁት አንድ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ያ ጽሑፍ በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ በሳምንቱ ጋዜጠኛው ከዚያ ወስዶ ይዘግባል፤ በዓመቱ የሙት ዓመት መጽሔት ይሆናል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተማሪው መጽሔቱን በመመረቂያ ጽሑፉ ይጠቅሳል። ለአንባቢ አራት ምንጭ ይመስላል። ሲፈተሽ ግን በአንድ ሌሊት የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው።

ይህን ለመለየት ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ያልተለመደ አገላለጽ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቁጥርና አንድ ስህተት። ዓረፍተ ነገሩና ቁጥሩ ይጠቁማሉ፤ ስህተቱ ግን ያስረግጣል። የትውልድ ቀበሌው ስም በመጽሔቱ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ቢጻፍና ጋዜጣውም፣ መመረቂያ ጽሑፉም ያንኑ ስህተት ይዘው ቢገኙ፣ ማንም ወደ ቦታው ሄዶ አልጠየቀም ማለት ነው። የጻፉበትን ቀን በቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ያስፍሩና ከእያንዳንዱ ወደ ቀደመው ቀስት ይሳሉ። ቀስት የማይወጣለት እሱ ምንጭ ነው። በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ የራስዎን ጽሑፍም አይርሱ፦ የአማርኛው ውክፔዲያ ገጽ የተጻፈበትን ቀን ከገጹ የታሪክ መዝገብ ይመልከቱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የወጣ የድረ ገጽ ጽሑፍ ከእርስዎ ገጽ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ያንን መልሰው እንደ ምንጭ ቢጠቅሱ ራስዎን ራስዎ ላይ ማስመስከርዎ ነው።

አሁን ወደ ስድስቱ እንምጣ።

የፌስቡክ ገጾቹን ይተዉአቸው። ጽሑፉን የሚያርም፣ ስህተት ሲገኝ የሚጠየቅ አዘጋጅ የላቸውም፤ ጽሑፉም ማታ ተለጥፎ ጠዋት ሊለወጥ ይችላል። የማስመስከሪያ ወረቀቱም ለሌላ ጉዳይ ትልቅ ሰነድ ቢሆንም እዚህ አይሆንም። ምንጭ የሚባለው ታትሞ ማንም ሊያገኘው የሚችል መሆን አለበት፤ በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አልታተመም። ፎቶውን አንስቶ ኢንተርኔት ላይ መጫን ደግሞ ወረቀቱን የታተመ አያደርገውም፣ ማኅተሙንም ማንም አላረጋገጠውም።

የሙት ዓመት መጽሔቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ ይመኩበታል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጥሉታል። መጽሔቱ የቅርብ ሰዎች ሥራ ስለሆነ መምህሩ በመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ የሚገባቸው መሆናቸውን አያስረዳም፤ ውዳሴውም አይወሰድም። የማያከራክር ተራ ነገር ግን ይወሰድበታል፦ የትውልድ ቦታ፣ የመጀመሪያ መምህራቸው ስም፣ በየትኛው ደብር በየትኛው ዓመት እንደ ተቀጠሩ። ዋና ዋናዎቹ ልኮች አራት ናቸው። ራስን የማግዘፍ ነገር እንዳይሆን፤ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር እንዳይሆን፤ እውነተኛነቱ የሚያጠራጥር እንዳይሆን፤ ጽሑፉም በዋናነት በእሱ ላይ እንዳይቆም። «ከእገሌ ጋር ተወዳድረው አሸነፉት» የሚለው የመጽሔቱ ገጽ ሁለተኛውን ልክ ይጥሳል፤ እዚያው ይቅር።

ጋዜጣው ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለበት ነው፤ ነገር ግን ገጹን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። በጋዜጣ ላይ የወጣ ሁሉ የጋዜጣው አይደለም። የሐዘን መግለጫ ተከፍሎበት የወጣ ማስታወቂያ ነው። «ከአንባብያን» በሚለው ዓምድ የወጣ የጻፈው ሰው ነው። ጋዜጠኛው ስሙን ጽፎ፣ ወደ ጉባኤ ቤቱ ሄዶ፣ ሰዎች ጠይቆ ያጠናቀረው ሐተታ ከሆነ ግን ያ ሩቅ ምስክር ነው። ከጽሑፉ ውስጥ ከቀብሩ ወረቀት ያልመጣ፣ ጋዜጠኛው በራሱ ያገኘው ስንት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቁጠሩ፤ የጋዜጣው ክብደት ያን ያህል ነው። ሲጠቅሱም የጋዜጣውን ስም፣ ቅጽና ቁጥር፣ ዕለት፣ ገጽና የጸሐፊውን ስም ይጻፉ። በድረ ገጽ መገኘት ግዴታ አይደለም። ምንጩ በአማርኛ ወይም በግዕዝ መሆኑም ለእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እንቅፋት አይሆንም፤ አከራካሪ ለሆነ ነጥብ የአማርኛውን ቃል እንዳለ ጠቅሶ ትርጉሙን ከሥሩ ማስፈር ብቻ ይበቃል።

ቃለ መጠይቁ መምህሩ ስለ ራሳቸው የሰጡት ቃል ነው። ማን እንዳስተማራቸው፣ መቼ ጎንደር እንደ ገቡ «እንደ ተናገሩት» እየተባለ ይጻፋል። ትልቅነታቸውን ለማስረዳት ግን አይጠቅምም። ቃለ መጠይቁን ባደረገው ጣቢያ የራሱ ቻናል ላይ ያለ ከሆነ የፕሮግራሙን ስም፣ የተላለፈበትን ቀንና ደቂቃውን ጠቁመው ያስገቡ፤ ሌላ ሰው ገልብጦ የጫነው ከሆነ የባለቤትነት መብት ስላለበት ማስፈንጠሪያውን አይለጥፉ።

መመረቂያ ጽሑፉን በተመለከተ፦ የዶክትሬት ጽሑፍ ይጠቀሳል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ወስደው የተጠቀሙበት ካልሆነ በስተቀር በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ደካማ ነው። ቢሆንም አይጣሉት። የመጨረሻ ገጾቹን ይክፈቱና ተማሪው የተጠቀመባቸውን ምንጮች ያንብቡ፤ እርስዎ ያላገኙት የመጽሔት ጽሑፍ ወይም መጽሐፍ እዚያ ሊኖር ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ትልቁ ጥቅሙ መንገድ ማሳየቱ ነው። በገንዘብ ከሚያትሙ የይስሙላ ጆርናሎች ይጠንቀቁ። ጽሑፍ በሳምንት ውስጥ የሚቀበል፣ የአዘጋጆቹ ስም የማይገኝበት፣ ዛሬ ስለ ሕክምና ነገ ስለ ዜማ የሚያትም ከሆነ ፕሮፌሰር ቢጽፍበትም አይጥቀሱት።

እንግዲህ ከስድስቱ ለመሠረት የሚሆነው ጋዜጣው ነው፤ መጽሔቱና ቃለ መጠይቁ ለዝርዝር ይረዳሉ። አንድ መሠረት ለአንድ ሰው ጽሑፍ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ሦስት እርስ በርስ ያልተዋለዱ፣ መምህሩን በአንድ መስመር ሳይሆን በሰፊው የሚያወሱ ያስፈልጋሉ።

ወዴት ልሂድ ለሚለው፣ አዲስ አበባ ከሄዱ በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የቆዩ ጋዜጦች አሉ፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ጋዜጣ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም በ6 ኪሎ አለ። የክልሉን ወሬ ለመከታተል በኩር ጋዜጣ፣ የቤተ ክህነቱን ለማየት ዜና ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የኋለኛው የራሷ የቤተ ክርስቲያኗ ስለሆነ ለሹመትና ለዝውውር ቀን ጥሩ ነው፤ ለውዳሴ ግን አይሆንም። በውጭ ቋንቋ ደግሞ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ5 ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ እያንዳንዱ ጽሑፍ በጸሐፊው ስም የተፈረመና ምንጩን የዘረዘረ ነው። የሊቃውንት ዜማን በተመለከተ ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጽ ያሳተሙት ጥናት፣ አንድምታን (የቅዱሳት መጻሕፍትን ባህላዊ ትርጓሜ) በተመለከተ ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ሥራዎች አሉ። መምህርዎ በስም ባይገኙ እንኳ የመምህራቸው መምህር ሊገኙ ይችላሉ፤ የጉባኤ ቤቱም ታሪክ በሩቅ ምስክር ይቆማል።

ሲፈልጉ ስሙን በአንድ ፊደል ብቻ አይፈልጉ። ኃይለ ማርያም፣ ሃይለ ማርያም፣ ሀይለማርያም፣ ኀይለ ማርያም ለኮምፒዩተር አራት ሰዎች ናቸው። ጸሐይና ፀሐይ፣ ሥላሴና ስላሴ፣ ዐቢይና አቢይም እንዲሁ። ማዕረጉም እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል፤ በወጣትነት ግራ ጌታ ተብለው የተጠቀሱት ሰው ቆይተው መሪጌታ፣ ቆይተው ሊቀ ጠበብት ይባላሉ። ቤተሰቡ የሚጠራበት ስምና የክርስትና ስምም አለ። ፍለጋውን ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከ10 እስከ 15 ዓይነት መጻፊያ ቢወጣ አይግረምዎ።

ከጥንት መምህራን ጋር የሚያያዝ ሐረግ ሲጽፉ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከፋሲል ዘመን ጀምሮ በደብሩ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል» የሚል ነገር ሲሰሙ መዝገቡ የት አለ ብለው ይጠይቁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲመቱ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ መቅደላ ሄደዋል፤ በ1860 እንግሊዞች ከዚያ የወሰዷቸው ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ይገኛሉ። በጥር 1880 ድርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከአብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ከተረፈውም ብዙው ጠፋ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዳኑት ጥቂቶች አንዷ ናት። ስለዚህ ከዚያ በፊት ስለ ነበረ የጎንደር መምህር የሚገኘው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ በሌላ ቦታ በተረፉ ብራናዎች ሕዳግ ላይ ነው፤ የመሬት ሽያጭና የጉልት ውል ሲጻፍ የመምህራን ስም በምስክርነት ይገባልና። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች በአሜሪካ ሚኒሶታ በሂል ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የብዙዎቹ ካታሎግም ታትሟል። ሕዳጉን ራስዎ አንብበው መተርጎም የለብዎትም፤ ያ ምርምር ነው፣ መዝገበ ዕውቀት ደግሞ አዲስ ምርምር አይቀበልም። ካታሎጉ ያለውን ወይም እንደ ዶናልድ ክረሚ ያሉ ሊቃውንት ከእነዚህ የመሬት ሰነዶች ያወጡትን ይጠቅሳሉ።

የዘመን ቁጥር ብዙ ጽሑፍ የሚበላሽበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል። መጽሔትዎ «ማክሰኞ የካቲት 16 ቀን 1962 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ ማዕረገ ቅስና ተቀበሉ» ይላል እንበል። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኗ የዘመን ስሌት፣ እንፈትነው። 5500 ሲደመር 1962፣ ዓመተ ዓለሙ 7462 ነው። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነውና 1962 ዘመነ ማርቆስ እንጂ ዘመነ ሉቃስ አይደለም። ዕለቱንም እንይ፦ መጠነ ራብዒቱ (7462 ለ4 ሲካፈል የሚደርሰው) 1865፣ ከ7462 ጋር ሲደመር 9327፣ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ምንም ካልተረፈ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳልና መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ከዚያ እስከ የካቲት 16 ድረስ 165 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ ከሐሙስ አራት ቀን ሲሄዱ ሰኞ ይሆናል። ማክሰኞ አይደለም። 1963ን ይሞክሩት፦ 7463 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ሉቃስ ነው። 7463 ሲደመር 1865፣ 9328፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፣ መስከረም 1 ዓርብ። ዓርብ ላይ አራት ሲጨመር ማክሰኞ። ዕለቱም ወንጌላዊውም በአንድ ቃል 1963 ይላሉ። ሊሆን የሚችለውም ይህ ነው፦ በዓሉ ኪዳነ ምሕረት፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን መምህሩ አልረሱትም፤ የዓመቱን ቁጥር የጨመረው ጸሐፊ ተሳሳተ።

ታዲያ ጽሑፉ ላይ ምን ይጻፋል? መጽሔቱ ያላለውን «1963» ብለው በመጽሔቱ ስም አይጻፉ። «በ1962 ወይም በ1963» ብለው በግርጌ ማስታወሻ መጽሔቱ የሚለውንና ዕለቱና ወንጌላዊው ከ1963 ጋር እንደሚገጥሙ ያስፍሩ። ማንም ሊደግመው የሚችል ተራ ስሌት በውክፔዲያ የተፈቀደ ነው፤ አዲስ ምርምር አይባልም። ወደ እንግሊዝኛው ሲመልሱም የካቲት 1963 ፌብሩዋሪ 1971 ነው፤ ኅዳር 1963 ግን ኖቬምበር 1970 ነው። ወሩ ካልታወቀ «1970/71» ይጻፋል። ሁልጊዜ 8 መደመር የብዙ ሰው ስህተት ነው።

ስለ ተማሪዎች ብዛትም ቀላል ስሌት ይረዳል። «ከ3,000 በላይ ሊቃውንት አፍርተዋል» ይላል መጽሔቱ። መምህሩ 44 ዓመት አስተምረዋል እንበል፤ በአንድ ጊዜ 40 ደቀ መዛሙርት ነበሩ፣ አንድ ተማሪም በአማካይ 4 ዓመት ቆየ ብንል 11 ዙር በ40፣ 440 ይሆናል። ጉባኤው 100 ተማሪ ቢይዝ እንኳ 1,100 ነው። 3,000 ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ክረምት ተምሮ የሄደው ሁሉ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። በጉባኤ ቤቱ ያለፈ ሌላ፣ አስመስክሮ የወጣ ሌላ፣ ዛሬ ወንበር ተክሎ የሚያስተምር ሌላ ነው። ምንጩ የትኛውን እንደ ቆጠረ ካልተናገረ ቁጥሩን በመጽሔቱ ስም ያስቀምጡት፣ በራስዎ ቃል አይድገሙት።

አሁን ወደ ቋንቋው። የመጀመሪያው ረቂቅዎ እንዲህ የሚል ነበር እንበል፦ «ታላቁ ሊቅ የኔታ እገሌ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጸጋ እግዚአብሔር የበዛላቸው፣ ዜማን እንደ ውኃ የጠጡ፣ ከመላው ኢትዮጵያ የመጡ ከ3,000 በላይ ሊቃውንት ያፈሩ፣ የዕረፍታቸውንም ቀን አስቀድመው ያወቁ አባት ነበሩ።» ሲታረም፦ «መሪጌታ እገሌ በጎንደር ከተማ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ጋዜጣው እንደዘገበው በደብሩ ያስተማሩት ከ1965 እስከ 2009 ዓ.ም. ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ለሙት ዓመታቸው ያሳተሙት መጽሔት ያፈሯቸውን ሊቃውንት ከ3,000 በላይ ያደርሳቸዋል።» ሁለተኛው አጭር ነው፤ ግን ማንም ሊነቅለው አይችልም።

በዚህ እርማት ውስጥ አንቱታው አልጠፋም፤ ልብ ይበሉ። አንዳንድ አዘጋጆች ገለልተኛ ለመሆን ብለው «ተወለደ፣ አስተማረ» ሊያደርጉት ይሞክራሉ። በእኔ እምነት ስህተት ነው። በአማርኛ አረጋዊ መምህርን አንቱ ማለት የሰዋስው ወግ እንጂ ውዳሴ አይደለም፤ ለሌሎች መምህራንና ምሁራን ሁሉ በእኩል እስከ ተጠቀምን ድረስ ሚዛን አያዛባም። የሚወጣው ቅጽሉ ነው፦ ታላቁ፣ ዝነኛው፣ ወደር የለሹ። «የኔታ»ም የደቀ መዝሙር ቃል ነውና በርዕስ አይገባም፤ በጽሑፉ ውስጥ «ደቀ መዛሙርታቸው የኔታ ይሏቸው ነበር» ማለት ይቻላል። «ሊቅ» ሲባል ለብቻው ውዳሴ ነው፤ «የሐዲሳት መምህር» ግን ሊረጋገጥ የሚችል ሙያ ነው። «አራት ዓይና» ከተባሉ ማን እንዳላቸው ይጻፍ። ስለ ሞታቸው «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ወይም «ዐረፉ» ይበቃል። «ተሰወሩ» የእምነት ቃል ነው፤ የሚያምኑት ሰዎች ቃል መሆኑ ተገልጾ ካልሆነ አይገባም።

የዕረፍታቸውን ቀን ማወቃቸው፣ በጸሎታቸው ሰው መፈወሱ፣ ዝናብ መዝነቡ፦ ይህን የመሰለ ነገር በከባድ ምንጭ እንኳ እንደ እውነታ አይጻፍም። ሩቅ የሆነ ጸሐፊ «ተከታዮቻቸው እንዲህ ያምናሉ» ብሎ ዘግቦ ከሆነ በዚያው መልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። የዘገበው መጽሔቱ ብቻ ከሆነ ይቅር። በተለይ ሕመምና ፈውስ ያለበትን ነገር እስከ መጨረሻው ይጠንቀቁ፤ አንባቢ መድኃኒቱን ትቶ እንዲሄድ ምክንያት መሆን የለብንም።

የአፍ ታሪክ ምን ያህል ሰው ላይ እንደሚጫን ለማየት አለቃ ገብረ ሐናን መመልከት ይበቃል። ቀልዱ ሁሉ በእሳቸው ስም ስለሚነገር ሊቅነታቸው ተሸፍኗል። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ዛሬም በጉባኤ ቤት ይዘለቃል፤ ብዙ ሰው ግን አለቃን የሚያውቃቸው በጨዋታቸው ብቻ ነው። ስለ እሳቸው የሚጻፍ ጽሑፍ «እንዲህ ብለው ነበር» እያለ ቀልድ ከሚደረድር ይልቅ ቀልዱን ማን መቼ ሰብስቦ እንዳሳተመው ቢናገር፣ ስለ አቋቋሙም የዜማ ሊቃውንት የጻፉትን ቢያስቀድም አለቃ በልካቸው ይታያሉ። ለእርስዎም መምህር እንዲሁ ነው።

ይህ ሥርዓት ለኦርቶዶክስ መምህራን ብቻ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ስላስተማሩ ሸኾችም፣ ስለ ቤተ እስራኤል ቄሶችና መነኮሳትም የሚጻፈው በዚሁ ሚዛን ነው። የሸኹ መናቂብም (ተከታዮቻቸው የጻፉት የሕይወትና የተአምር ታሪክ) የጻድቁ ገድልም የቅርብ ምስክር ነው፤ በመዝገበ ዕውቀት የሚቆመው የታሪክ ተመራማሪ መርምሮ ስለ እሱ የጻፈው ነው።

በሕይወት ስላሉ ሰዎች ሕጉ ይጠብቃል። በጽሑፍዎ መጨረሻ የደቀ መዛሙርት ዝርዝር አስገብተው ከሆነ፣ ስለ እነሱ የታተመ ነገር ከሌለ ያውጡት፤ ስማቸው እንዲወጣ አልጠየቁም። በሕይወት ስላለ መምህር ከፌስቡክ የተወሰደ ክስ ወይም ነቀፋ ካገኙ ደግሞ ውይይት ሳይጠብቁ ወዲያው ይሰርዙት፤ ይህ በውክፔዲያ የተደነገገ ነው።

ሁለት ሦስት ሩቅ ምንጭ ካልተገኘስ? ለብቻው ጽሑፍ አይክፈቱ። ስለ ደብሩ ወይም ስለ አቋቋም በሚናገረው ጽሑፍ ውስጥ «መምህራን» የሚል ክፍል ይኖራል፤ ከሌለም ይክፈቱ። እዚያ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር በጋዜጣው ምስክርነት ይቆማል፤ የስማቸውንም ገጽ ወደዚያ እንዲመራ ማድረግ ይቻላል። ምንጭ ሲጨመር ክፍሉ አድጎ ራሱን ችሎ ይወጣል። ይህ ውርደት አይደለም፤ ተሰርዞ ከሚቀር ገጽ በደብሩ ጽሑፍ ውስጥ የቆመ አንቀጽ ይሻላል።

ሲያስገቡም የመምህሩ ደቀ መዝሙር መሆንዎን በተጠቃሚ ገጽዎና በውይይት ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፉ። ረቂቁን መጀመሪያ በውይይት ገጹ ላይ አስቀምጠው ሌላ አዘጋጅ እንዲያየው ያድርጉ። በአማርኛው ውክፔዲያ የነቃ አዘጋጅ ጥቂት ስለሆነ መልስ ሊዘገይ ይችላል፤ ሳምንታት ይጠብቁ፣ አይሰልቹ። የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችን ስም አይገልብጡ፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና በምንጭ ማስገቢያው ላይ ስምና የአባት ስም በተራቸው በአንድ ሣጥን ይግቡ። ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጽፉ አይለፉ። ድረ ገጽ ከጠቀሱ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው በዌይባክ ማሽን ቅጂ ያስቀምጡ፤ የአገራችን ድረ ገጾች አድራሻ ቶሎ ይጠፋል።

መጽሔቱንም አይዘንጉት። ማተሚያ ቤቱ ያወጣው 500 ቅጂ ከሆነ ዛሬ ሁሉም በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለት ሦስቱን ለወመዘክር፣ አንዱን ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይስጡ። ያኔ የሚጠቅሱት ማንኛውም አንባቢ ሊያየው የሚችል መጽሔት ይሆናል፤ ተመራማሪም ሊያገኘው ይችላል። መምህሩን የሚያስታውሱ አረጋውያን ካሉም ድምፃቸውን አሁኑኑ ይቅዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ያስመዝግቡ። ቅጂው ለውክፔዲያ ምንጭ አይሆንም። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው ባያሳትሙት ኖሮ ግን ዛሬ ስለዚያ ዘመን የአብነት ትምህርት ቤት ኑሮ የሚጽፍ ተመራማሪ ያን ምስክርነት ከየት ያገኘው ነበር? የእርስዎንም ቅጂ አንድ ቀን የሚሰማ ተመራማሪ ይመጣል፤ እስከዚያው በሁለት ቦታ ያስቀምጡት።